ስንጥሩን ማን ጨመረው?

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» እየተባለ ያደገ ሰው ለመጠርጠር የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ተረቱ ራሱ ፈቃድ ነው። ደግሞም እውነት አለው፤ ያገኘውን ሁሉ ሳያኝክ የሚውጥ ሰው አንድ ቀን ጉሮሮው መወጋቱ አይቀርም። እኔን የሚያስቸግረኝ ተረቱ የሚቆምበት ቦታ ነው። ገንፎ ውስጥ ስንጥር ሊኖር እንደሚችል ይነግረናል፤ ማን እንደጨመረው ግን አይነግረንም። እኛ ደግሞ ሁለቱንም የነገረን ይመስል ስንጥር ባገኘን ቁጥር ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ወዳገነፋችው ሴት ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ አንድን ሰው በቂ ምክንያት ኖሮህ ብትጠረጥረው፣ በኋላ ግን ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፣ ዕዳ አለብህ? ያለ ምክንያት ከጠረጠርከው መልሱ ቀላል ነው። በክፋት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያነጋግርም። ከባዱ፣ ጤነኛ አእምሮ ያለው ማንም ሰው በአንተ ቦታ ሆኖ የሚጠረጥረውን ሰው ጠርጥረህ ስትሳሳት ነው። አጎቴ «ምንም ዕዳ የለብኝም» ይላሉ። እኔ «አለብዎት» እላለሁ። በዚህ ነገር መከራከር ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ነው። ያከራከረን ደግሞ የአንድ ቮልስ ካርቡሬተር ነው።

አጎቴ ቦንጋ ከተማ ከ30 ዓመት በላይ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ጡረታ እንደወጡ፣ በግንቦት 2016፣ አዲስ አበባ ካለ የድሮ ወዳጃቸው አንድ ቮልስ ገዙ። የ1969 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ናት፤ ከእኔ ወደ 30 ዓመት ገደማ ትበልጣለች። ቮልስን የማታውቁ ካላችሁ፣ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ዓይነት መኪና ናት። በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ከፋብሪካ ወጥታለች። እኛ ጋ ግን መኪና ባለቤት ይቀያይራል እንጂ አይሞትም። መንግሥት በዚያው በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን የሚያየው እንደ ርስት ነው።

መኪናዋ አዲስ አበባ እያለች ጤነኛ ነበረች። በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው ቦንጋ ያስገቧትም በሰላም ነው። ችግሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ጠዋት ከቦንጋ ወደ ውሽውሽ፣ ወደ ሻይ ተክሉ በሚወስደው መንገድ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ከሄደች በኋላ ጉልበት ታጣለች። ትንገጫገጫለች። እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ ጥፍት። ቁልፍ ቢያዞሩ ቢያዞሩ አትነሳም። ሰው ተሰብስቦ፣ ኮፈን ተከፍቶ፣ ሁሉም በየተራ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ካንዴላው ነው»፣ «ባትሪው ነው» ከተባለ በኋላ፣ ማለትም ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ትነሳለች። ምንም እንዳልተፈጠረ።

በእኔ ሙያ እንዲህ ዓይነቱ ችግር ስም አለው፦ ሃይዘንበግ። ስትመለከተው የሚጠፋ፣ ዞር ስትል የሚመለስ ስህተት ማለት ነው። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው እሱን ነው። ኮዱ ጨርሶ የማይሠራ ቢሆን ይሻላል፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቅሃል።

አሁን ስለ ቤንዚን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ውጪ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ማደያው ላይ «ቤንዚን የለም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ሃምሳ ሜትር አለፍ ስትል በሃይላንድ የተሞላ ቢጫ ፈሳሽ ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ታያለህ። ዋጋው ከማደያው በላይ ነው። አንዳንዱ ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ነው፣ አንዳንዱ ውሃ የነካው ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ንጹሕ ነው። ባጃጁም ሞተር ብስክሌቱም በዚሁ ይኖራል። አጎቴም ከአንድ ልጅ ይገዙ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከዴቻ ወረዳ የመጣ፣ ከዘመዶቹ ጋር የሚኖር፣ አጎቴ ራሳቸው ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩት ልጅ።

መኪናዋ ሦስት ወር ሙሉ እየቆመች ስትሄድ መካኒኩ መጀመሪያ ኮይሉን ቀየሩ። አልሆነም። የነዳጅ ፓምፑን ፈተው ውስጡን አደሱ። አልሆነም። ካርቡሬተሩ ሁለት ጊዜ ወርዶ ታጠበ። ከታጠበ በኋላ ሁለት ቀን ደህና ስለነበረች ተደሰትን፤ በሦስተኛው ቀን ውሽውሽ መንገድ ላይ ቆመች። በመጨረሻ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አሁን ማንም አያስታውስም፣ «ቤንዚኑስ?» አለ።

አጎቴ በጥቅምት ወር ከልጁ መግዛት አቆሙ። ማቆም ብቻ ሳይሆን ለምን እንዳቆሙም ተናገሩ። ቡና ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ጋራዥ ላይ። «ውሃ እየጨመረ ነው የሚሸጥልኝ» አሉ። ሌላ ሰው ቢናገረው ወሬ ነበር። መምህር ሲናገሩት ግን ማስረጃ ሆነ። ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠረ ሰው ቃል እንደ ማኅተም ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሻጭ ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ማታ የልጁ ጀሪካኖች ተወረሱ። ማን እንደጠቆመ አላውቅም። አጎቴ ናቸው አልልም፤ የሰው ወሬ ያመጣው ነው ለማለት እንኳ በእጄ ላይ ምንም የለኝም። ንግዱ ከመጀመሪያውም ሕገ ወጥ ነበረና በራሱ ጊዜ ሊሆን ይችል ነበር። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ሕገ ወጥ ንግድ ላይ ያለ ሰው ስሙ ሲጠፋ ወደ ማንም ሄዶ «ቤንዚኔ ይመርመርልኝ» ማለት አይችልም። የመከላከያ በሩ ከመጀመሪያው የተዘጋ ነው።

የሚገርመው ክፍል እዚህ ላይ ይመጣል። አጎቴ ከማደያ ብቻ፣ ተሰልፈውም ቢሆን፣ መግዛት ከጀመሩ በኋላ መኪናዋ ዳነች። ኅዳር አንድም ቀን አልቆመችም። ታኅሣሥም። ጥርም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሻጩን ቀየርክ፣ በሽታው ለቀቀ። እንዲህ ዓይነት ውጤት ባገኝ እኔም ኮምፒዩተሬን ዘግቼ ወደ እንቅልፌ እሄዳለሁ።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲመለስ መኪናዋ እንደገና መጥፋት ጀመረች፤ ያውም የማደያ ቤንዚን ጠጥታ። በዚህ ጊዜ የልጁ ክስ በራሱ መውደቅ ነበረበት አይደል? አልወደቀም። «ያኔ የጨመረው ውሃ ካርቡሬተሩን አበላሽቶታል፤ ጉዳቱ ነው አሁን የሚወጣው» ተባለ። ይሄን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ነው ነገሩ ከመኪና ያለፈ መሆኑ የገባኝ። ልጁ ቤንዚን ሲሸጥ መኪናዋ ብትቆም ጥፋተኛ ነው። መሸጥ ሲያቆም ብትድን ጥፋተኛነቱ ተረጋገጠ። ሳይሸጥ ብትቆምም ጥፋተኛ ነው። እንዲህ ከሆነ መኪናዋ ልጁን ነጻ ለማውጣት ምን ማድረግ ነበረባት?

ለፋሲካ ቦንጋ ሄድኩ፤ ሥራዬን ከላፕቶፕ ላይ ስለምሠራ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ያደረግኩት ነገር ቀላል ነው፤ ሎግ መያዝ። እያንዳንዱን ጉዞ በደብተር ጻፍኩ፦ ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ አየሩን፣ ከተነሳች በስንት ደቂቃ እንደቆመች። 14 ጉዞ፣ ስድስት መቆም። ስድስቱም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ነው። ስድስቱም ጉም ወይም ካፊያ ባለበት ነው። ቤንዚኑ በሁሉም ጉዞ አንድ ዓይነት ነው።

መካኒኩ ደብተሩን አይተው መጀመሪያ ያሰቡት ሙቀትን ነበር። የቮልስ የነዳጅ ፓምፕ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ሞተሩ በጣም ሲሞቅ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይፈላና ተን ይሆናል፤ ፓምፑ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ ተን መግፋት አይችልም። ከፍታ ላይ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚፈላ ደጋ ላይ የሚነዳ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጎ ይጠብቃል። ግን እንደዚያ ከሆነ መኪናዋ መቆም የነበረባት በቀትር፣ ከጎጀብ ወንዝ ሞቃት ሸለቆ ወደ ቦንጋ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ነው። ሁለት ጊዜ በቀትር ወጣነው። እንደ ሚዳቋ ነው የወጣችው። ስለዚህ የሚያጠፋት ሙቀት አልነበረም፤ እንዲያውም ሙቀት የሚስማማት ይመስላል።

«እንግዲያው ስትጠፋ ሳትቆዩ ክፈቱት» አሉ መካኒኩ። «እኛ ሁልጊዜ ዘግይተን ነው የምናየው።»

በማግስቱ ጠዋት ውሽውሽ መንገድ ላይ፣ ጉሙ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው በሸፈነበት ሰዓት፣ ጠፋች። አጎቴ ፍሬን እንደያዙ እኔ ዘልዬ ወርጄ የኋላውን ክዳን ከፈትኩት። ከካርቡሬተሩ በታች ያለው ቱቦ፣ ከጋለ ሞተር አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ነጭ ነገር ለብሷል። በጣቴ ነካሁት። አመዳይ ነው። አጎቴ መጥተው ነኩት፤ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገሩ መንገዱ ዳር ቆሙ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጩ ነገር ቀልጦ ውሃ ሆነ፣ ውሃው ደረቀ፣ መኪናዋ ተነሳች።

የሆነው ይሄ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑም ከቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ወጥቶ ይተናል። የሚተን ነገር ሙቀት ይወስዳል፤ ክንዳችሁ ላይ አልኮል ሲቀባ እንደሚቀዘቅዛችሁ። በዚህ ምክንያት ጉሮሮው ውስጥ ያለው ሙቀት ከውጪው አየር በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ደረቅ አየር ከሆነ ግድ የለም። አየሩ እርጥበት የጠገበ ከሆነ ግን ውሃው እዚያው ብረቱ ላይ ይረጋል፣ ይጋገራል፣ ጉሮሮውን ያጠባል፣ በመጨረሻ ሞተሩን ያንቀዋል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ የራሱ ግለት ወደ ላይ ይወጣና በረዶውን ያቀልጠዋል። ትናንሽ አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ካርቡሬተር ያላቸው አውሮፕላኖች ጉሮሮውን የሚያሞቅ ለብቻው የተሠራ መሳቢያ አላቸው። አውሮፕላን በዚህ ምክንያት ሲወድቅም በረዶው መርማሪ ሳይደርስ ቀልጦ ይጠፋል፤ የሚቀረው የዕለቱን ሙቀትና እርጥበት አይቶ መገመት ነው።

ለዚህ ደግሞ ከባድ ውርጭ አያስፈልግም። እንዲያውም ለብ ያለና እርጥብ አየር ይብሳል፤ ብዙ ውሃ ይሸከማልና። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዙሪያዋ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የካፋ ጥብቅ ደን ነው፤ ጫካው ውስጥ ዛፉ ራሱ ጺም የሚያበቅልበት እርጥበት አለ። በረዶ መሬት ላይ ተኝቶ አይተን በማናውቅበት ከተማ የመኪናዋ ጉሮሮ ውስጥ በየጠዋቱ በረዶ ይጋገር ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ የዳነችውም አየሩ ደርቆ ነው። ልጁ የቀረበትና ዝናቡ የቀረበት ጊዜ ገጠመ፤ ይኸው ነው።

ፋብሪካው ይሄን ያውቅ ነበር። ከሲሊንደሮቹ አካባቢ የሞቀ አየር ወደ አየር ማጣሪያው የሚወስድ ወፍራም ቱቦ ሠርቶላት ነበር። በአጎቴ መኪና ላይ ቱቦው የለም፤ ማጣሪያው ጎን ላይ ክፍት አፍ ብቻ ነው ያለው። ከብዙ ባለቤቶቿ አንዱ፣ ምናልባት እኔ ሳልወለድ፣ «ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል» ብሎ ጥሎታል። አዲስ አበባ ላይ ልክ ነበር፤ ዓመታት ቢያልፉም ምንም አልሆነም። ከካርቡሬተሩ ሥር በጭስ የምትሞቅ ቀጭን ቱቦም ነበረች፤ እሷ ደግሞ በጥላሸት ተደፍናለች። መካኒኩ ጥላሸቱን ጠርገው ከጅማ ሙቀት የሚችል ቱቦ አስመጥተው ገጠሙ። የ2017 ክረምት አንድ ጊዜም ሳትጠፋ አለፈ።

መኪናዋ ላይ ያለው ይሄ ነው። የቀረው ልጁ ነው።

አጎቴ ሞኝ አይደሉም፤ ክርክራቸውም ጠንካራ ነው። «በሃይላንድ ቤንዚን የሚሸጥ ሰው ቢጠረጠር ምን ይገርማል? ነጭ ጋዝ የሚደባልቁት የሉም? እኔ ከመሬት ተነስቼ ነው የጠረጠርኩት?» ይላሉ። ልክ ናቸው። በዚያ ቀን በእጃቸው በነበረው መረጃ ቢፈረድ ከበረዶ ይልቅ ውሃ የነካው ቤንዚን በብዙ እጥፍ ይመስላል። ቦንጋ ላይ «በረዶ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እስቅበት ነበር። ስለዚህ የእሳቸው ግምት ጥሩ ግምት ነበር። ሐሰት መሆኑ ጥሩ ግምት መሆኑን አያጠፋውም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዊሊያም ክሊፎርድ በ1877 (እ.ኤ.አ.) ስለ እምነት ሥነ ምግባር በጻፈው ድርሰት አንድ የመርከብ ባለቤት ያመጣል። ሰውየው መርከቡ ማርጀቷን እያወቀ፣ ጥርጣሬውን በመልካም ሐሳብ አባብሎ አስተኝቶ መንገደኞች ይጭንባታል። ትሰጥማለች። ክሊፎርድ የሚለው መርከቧ በሰላም ብትደርስ እንኳ ሰውየው ጥፋተኛ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው እምነቱ እውነት ወጣ አልወጣ ሳይሆን በእጁ ባለው ማስረጃ ያንን የማመን መብት ነበረው ወይ ነው። በዚህ ሚዛን አጎቴ ከመርከቡ ባለቤት ተቃራኒ ይመስላሉ፦ ማስረጃ ነበራቸው፣ ግን መርከባቸው ሰጠመ። መጀመሪያ ላይ ክሊፎርድ ከእሳቸው ጋር የቆመ መስሎኝ ነበር።

አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። ክሊፎርድን የሚያናድደው የሰውየው ግምት አይደለም፤ መፈተሽ እየቻለ አለመፈተሹ ነው። መርከቧን ማስመርመር ይቻል ነበር። የልጁን ቤንዚን መፈተሽስ ምን ይጠይቃል? አንድ የመስታወት ጠርሙስ። ቤንዚኑን ሞልተህ ታሳድረዋለህ። ውሃ ካለው ጠዋት ከታች ተለይቶ ታየዋለህ፤ ውሃ ይከብዳል። ነጭ ጋዝ መኖሩን ለማየት ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ታደርጋለህ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፣ ነጭ ጋዝ ቅባት የመሰለ እድፍ ያስቀራል። ላቦራቶሪ አይደለም። የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ነው፤ አጎቴ ራሳቸው ያስተማሩት።

አንድ ሌሊትና አንድ ጠርሙስ። በዚያ ሰሞን ኮይል ተገዝቷል፣ ፓምፕ ታድሷል፣ ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ ወርዷል። ለብረቱ ይሄ ሁሉ ሲደረግ ለልጁ ጠርሙስ አልተሞላም። ለምን? ለዚህ ያገኘሁት መልስ አያስደስተኝም። ኮይል ብትሳሳት ገንዘብህ ይሄዳል። ሰው ላይ ብትሳሳት የሚሄደው የእሱ ነው። ስለዚህ ኪሳችን ራሱ ለዕቃው እንድንጠነቀቅ ያስተምረናል፤ ለሰውየው እንድንጠነቀቅ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነገር መሆን አለበት፤ ያ ሌላ ነገር በዚያ ጥቅምት አልነበረም።

መካኒኮች አንድ ዘዴ አላቸው፦ የጠረጠርከውን ቀይረህ ማየት። ኮይሉን ቀይር፤ ካልዳነች አሮጌውን መልሰህ ግጠም። እኛም ጋ ኮድ ውስጥ አንዱን ክፍል አጥፍቶ ማየት የዘወትር ሥራ ነው። ዘዴው የሚያምረው ተጠርጣሪው ቢፈታም ቢገጠምም ስለማይሰማው ነው። ነጻ ሆኖ የተገኘ ኮይል መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ስሙ አይጠፋም፣ ሌላ መኪና ላይ ይገጠማል። ልጁም በዚሁ ዘዴ ነው የተፈተነው፤ ወጥቶ ታየ። መልሶ የገጠመው ግን የለም።

አገራችን ይሄን ዓይነት ነገር ከዱሮም ታውቀዋለች። ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡን በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ ይከፍላል። ዛሬ ስናወራው እንስቃለን። ሥርዓቱ ግን ያን ያህል የኖረው ሰው ሁሉ ሞኝ ስለነበር አይመስለኝም። የጠፋ ዕቃ ያለው ሰው ከእውነቱ በፊት የሚፈልገው የጣት መቆሚያ ነው። የጣት መቆሚያ ሲገኝ መንደሩ ይተኛል። በጥቅምት 2017 ቦንጋ ውስጥ አንድ ቮልስ መቀነት ታስራ ከተማውን ዞራ ልጁ በር ላይ ተኛች፤ ኅዳር ላይ ስትድን ደግሞ መድኃኒቱ ሠራ ተባለ።

እኔ በምሠራበት ሙያ ሰርቨር ሌሊት ሲወድቅ ጠዋት ግምገማ እንቀመጣለን፤ በግምገማው ላይ የሰው ስም አይጠራም። «ማን ነካው» ሳይሆን «ምን ሆነ» ነው የሚባለው። ይሄ ደግነት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፣ ስሌት ነው። ስም መጠራት ከጀመረ ሰው ሎግ ይደብቃል፤ ሎግ ከተደበቀ ሰርቨሩ ነገም ይወድቃል። የአጎቴ መኪናም ስድስት ወር የባከነባት በዚሁ ነው። ልጁ ከተገኘ በኋላ ማንም መፈለግ አቆመ። ማንም ሰዓት አልጻፈም፣ ማንም ስለ ጉሙ አላሰበም። ጥፋተኛ ማግኘት ምክንያት ከማግኘት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ፍለጋውን ያስቆማል።

አጎቴ ሁለተኛ ክርክር አላቸው፤ ይሄኛው ይከብደኛል። «እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ገዢ ነኝ። ገዢ ካልጣመው አይገዛም። ለዚህም ፍርድ ቤት ልቁም?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ማንም ሰው ከማንም ቤንዚን የመግዛት ግዴታ የለበትም። ዝም ብለው ሻጭ ቢቀይሩ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። እሳቸው ግን ከገዢነት አልፈው መሰከሩ። አለመግዛት የራስን ብር መያዝ ነው። «ውሃ ይጨምራል» ማለት የሌላውን ስም መያዝ ነው፤ የሌላውን ነገር የያዘ ሰው ደግሞ እንዴት እንደያዘው ይጠየቃል። «ቤንዚኑ ይሆን እንዴ?» ከማለትና «ቤንዚኑ ነው» ከማለት መካከል ያለችው ርቀት አንድ ጠርሙስ ነበረች።

ጸጸትስ? ፈላስፋው በርናርድ ዊሊያምስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ምሳሌ አለው። ሹፌሩ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ልጅ መንገድ ላይ ዘሎ ይገባበታል፣ ይገጨዋል። ዳር ቆሞ ያየ ሰውም ያዝናል፤ የሹፌሩ ሐዘን ግን ሌላ ዓይነት ነው፣ ሌላ ዓይነት መሆንም አለበት። «ጥፋቴ ስላልሆነ አይመለከተኝም» ብሎ ሬዲዮ ከፍቶ የሚሄድ ሹፌር ብናይ፣ በሕግ ነጻ ቢሆንም፣ ሰውነቱን እንጠራጠራለን። ይሄን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጁ አልሞተም» አሉ። መልሱ የተናደደ ሰው መልስ ነበር፤ ግን ዝም ያሉበት ጊዜ ርዝመት አለው።

በመሠረቱ የተለያየነው ዕዳ በሚለው ቃል ላይ ይመስለኛል። ለእሳቸው ዕዳ የሚመጣው ከጥፋት ነው፤ ጥፋት ከሌለ ዕዳ የለም። ለእኔ ዕዳ ያለ ጥፋትም ይመጣል። ሳላውቅ የጎረቤቴን ጃንጥላ ይዤ ብወጣ ሌባ አይደለሁም፤ ጃንጥላው ግን የእሱ ነው፣ ዝናቡም እሱ ላይ ነው እየዘነበ ያለው። ባወቅኩ ሰዓት ካልመለስኩ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ይጀምራል።

ልጁ አሁን ቤንዚን አይሸጥም። የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ ማታ ገቢ ያስገባል። አጎቴን መንገድ ላይ ሲያገኝ «ጤና ይስጥልኝ መምህር» ይላል፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እሳቸው ይሄን ሰላምታ «ነገሩ አልቋል» ብለው ይተረጉሙታል። እኔ አስተማሪውን ሰላም ከማለት ሌላ ምርጫ የሌለው ልጅ ነው የማየው። ልጁን ራሱን አልጠየቅኩትም፤ ያንን መጠየቅ ያለብኝ እኔ አይደለሁም።

ባለፈው ገና ስሄድ ክርክሩን ወደ ሒሳብ አወረድኩት። «ይቅርታ ይጠይቁ አልልዎትም» አልኳቸው። «ለማን ለማን ተናግረው ነበር? ለነሱ ብቻ አልነበረም ብለው ይንገሩ።» መምህር ናቸውና ዝርዝር ይወዳሉ፤ ወረቀት አውጥተው ጻፉ። መካኒኩ፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ ቡና የሚጠጡባት ጎረቤት፣ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች። አምስት ሰው።

እስካሁን ለሁለቱ ነግረዋል። መካኒኩ በረዶውን ስለሚያውቁ አልተቸገሩም። የዕድሩ ጸሐፊ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ስለ ጉሙም፣ ስለ ጠፋው ቱቦም፣ በጥሞና አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይገርማል መምህር፣ በረዶ!» አሉ። ቀጥለውም፣ «ቢሆንም ግን ያ ልጅ ውሃ መጨመሩ አይቀርም» አሉ።